የካቡ ማዶ ወይን

ስለት የሚሳል ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ አጭበርባሪ ነው። አትቆጡ፤ ራሴንም ጨምሬ ነው። ጭንቅ ሲመጣ ያለንን ሁሉ ጠርገን የምንሰጥ ይመስል ቃል እንገባለን፤ ጭንቁ ሲያልፍ ደግሞ «ለመሆኑ ያልኩት ድባብ ነበር ወይስ ጧፍ?» እያልን ጭንቅላታችንን እናካለን። ከሁሉ የባሰው ግን የሌለውን የሚሳለው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የባሰው ሰውዬ ማን እንደሆነ ገምታችሁ ይሆናል… አዎ፣ እኔው ነኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት ወር ባለቤቴን ወርቅነሽን ሆዷን አመማት። መጀመሪያ ፌጦ ጠጣች፤ ቀጥላ እኔን ተቆጣች፤ ሁለቱም አላሻሏትም። ጤና ጣቢያ ስንደርስ «ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬውኑ ቀዶ ጥገና ወዳለበት ውሰዷት» አሉን። ከላሊበላ ተነስተን በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ ወረድን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር እሷ ታቃስታለች፣ እኔ «አይዞሽ፣ ቀላል ነገር ነው» እላለሁ። የአንድ ክፍለ ዘመን ያህል «አይዞሽ» አልኩ።

ወልድያ ሆስፒታል ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል አስገብተዋት በሩ ሲዘጋ ግን ኮሪደሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብዬ፣ ሰው እንዳይሰማኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሙክት ልበል? ድባብ ልበል? ሰው ሲደናገጥ አፉ ላይ የሚመጣውን አይመርጥም። የእኔ አፍ ላይ የመጣው ከሁለት ወር በፊት ጓሮዬ ውስጥ የተከልኩት ወይን ነበር።

«እመቤቴ ማርያም፣ ይችን ሴት ብትመልሽልኝ፣ በእጄ ከተከልኩት ወይን፣ በእጄ ያደረቅሁትን ዘቢብ ለቅዳሴሽ አገባለሁ።»

መቼም የቁርባኑ ወይን ከዘቢብ እንደሚጨመቅ ለእናንተ አልነግርም። መንገር ያለብኝ ይህን ቃል ስናገር ወይኔ ምን ይመስል እንደነበረ ነው። የስንዝር እንጨት ነበር። ሁለት ቅጠል ነበረው፤ አንዱን ዶሮ በልታዋለች።

ወርቅነሽ ዳነች። ዓይኗን እንደገለጠች የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ፈርተህ ነበር?»

«እኔ? ለትርፍ አንጀት?» አልኳት። «ሻይ እየጠጣሁ ነበር የጠበቅሁሽ።»

ለረዥም ጊዜ አየችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናንተ ወንዶች፣ ከእኔ ተማሩ፤ እንዲህ ያለ መልስ አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ስለቱን ልንገራት ብል ፍርሃቴን መንገር ሊሆንብኝ ነው፤ ፍርሃቴን ልንገራት ብል ሻይዋ አለች። ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ።

አሁን ወይኑን ላስተዋውቃችሁ። ካሳሁን የሚባል የኮሌጅ ጓደኛዬ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የወይን ተክል ባለሙያ ነው። ለገና ላሊበላን ሊሳለም ሲመጣ በእርጥብ ጨርቅ የጠቀለለውን ቁራጭ ይዞልኝ መጣ።

«ግሬናሽ ይባላል» አለኝ። «ለቀይ ወይን ጠጅ የሚሆን ዘር ነው። ሙቀት ይወዳል። እዚህ የሚሆን አይመስለኝም፤ ለነገሩ አንተ ስለለመንከኝ ነው።»

«እንዴት አይሆንም? እኛ እኮ ወይና ደጋ ነን!»

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የአየር ንብረት ላይ ሰው ሲያርመኝ አልወድም።

«ቀኑስ ይሁን» አለ ካሳሁን፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው እየሳበ። «ሌሊቱስ?»

«ለሌሊቱ እናስብበታለን።»

ከዚያ በኋላ ስለ ግሬናሽ ያላነበብኩት ነገር የለም። ጠባዩን ልንገራችሁ። ውሃ ብትነፍጉት አይቀየምም። ነፋስ ቢገፋው ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ አይበገርም። ብርድ ግን አይችልም፤ አበባው ላይ ብርድ ያገኘው እንደሆነ አበባውን አራግፎ ባዶ እጁን ይቆማል። ከሌሎች ቀድሞ ያቆጠቁጥና ከሌሎች ዘግይቶ ይበስላል፤ እንዲህ ያለ ተማሪ በየክፍሉ አለኝ። ቆዳው ስስ በመሆኑ ጠጁ መልኩ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ስኳሩ ግን ብዙ ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ሲፈላ ኃይል ይሆናል። ቀለሙን አይቶ የናቀው ሰው ከወንበሩ ሲነሳ እግሩን ይፈልጋል። ጣዕሙ እንጆሪ እንጆሪ፣ ከኋላው ቁንዶ በርበሬ ይላል ይባላል… ይባላል ነው የምላችሁ፤ ለምን እንዳልቀመስኩት ትደርሱበታላችሁ።

ትውልዱ ስፔን ነው፤ አራጎን የሚባል ደረቅና ነፋሻ አገር። የሰርዲንያ ደሴት ሰዎች ደግሞ «የእኛ ነው እንጂ» ብለው ይሟገታሉ፤ ስሙንም ካኖናው ይሉታል። ከስፔን ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተሻግሮ የሮን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ጌታ ሆኗል። እዚያ አንዳንዱ እርሻ አፈሩ እስከማይታይ ድረስ ክብ ክብ ድንጋይ የሞላበት ነው፤ ገበሬዎቹም አይለቅሙትም። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ለወይኑ ይመልስለታል። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ደቡብ አውስትራሊያና ካሊፎርኒያ ገብቷል። የደረሰበትን ካርታ ሁሉ አገላብጫለሁ። ላስታ የሚል አላገኘሁም።

እኔ ግን ስለት አለብኝ! ማታ ማታ ጋቢዬን አለብሰው ጀመር። ጠዋት እገልጠዋለሁ፣ ማታ እሸፍነዋለሁ። ጎረቤቶቼ ሲያልፉ «መምህር፣ ታማሚው እንዴት አደረ?» ይሉኛል። እኔም እየሳቅሁ «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነው» እላለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ሰጠኝ። በሁለተኛው ዓመት ብዙ ቅጠል ሰጠኝ። በሦስተኛው ዓመት ቅጠሉ በዝቶ ጓሮውን ሲሞላው የወርቅነሽ ትዕግሥት አለቀ።

«እኔ ስታመም ሻይ የሚጠጣ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ለእንጨት ጋቢ ያለብሳል?»

ምን ልበላት?

«ስሚኝማ፣ ይሄ ተክል…»

«ስማኝ አንተ። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ፍሬ ካላሳየኝ ነቅዬ ጌሾ እተክልበታለሁ። ጌሾ ቢያንስ ጠላ ይሆናል። ይሄ ምን ይሆናል?»

ወርቅነሽ አደርገዋለሁ ካለች አድርጋዋለች፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷ ወይኑን ነቀለችው ማለት እኔ የማርያምን ስለት በልቼ ቀረሁ ማለት ነው። እሷን ያዳነልኝን ስለት በእሷ እጅ! ለካሳሁን ደወልኩለት።

«ጫፉ ወዴት ነው የሄደው?» አለኝ።

«ካቡ ላይ ወጥቷል።»

«ካቡ ማዶ ምን አለ?»

ካቡ ማዶ ያለው የሰፈራችን ማርያም ግቢ ነው። ቤቴ ከከተማው ትንሽ ወጣ ይላል፤ ጓሮዬና የቤተክርስቲያኑ ግቢ የሚዋሰኑት በአንድ የድንጋይ ካብ ነው። ካቡ ከሰዓት ጥላውን የሚጥለው እኔ ላይ ነው።

«እንዲያ ከሆነ ፀሐይ ፍለጋ ሄዷል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ነገሩም ያን ያህል አልገባኝም።

የገባኝ በእሑዱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የቤተክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ መምሬ ይመር ብድግ አሉ። እሳቸው ግቢው ውስጥ የወደቀች ቅጠል ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀች የሚያውቁ ሰው ናቸው።

«ምእመናን» አሉ፣ «እመቤታችን ደስታ አሳይታናለች። ከምሥራቅ በኩል፣ ከዚያ ከቀዩ አለት ላይ፣ ሰው ሳይተክለው ወይን አፍርቷል።»

እልልታው ቀለጠ። ከሁሉ የረዘመው እልልታ የወርቅነሽ ነበር።

ሮጬ ሄጄ አየሁት። የእኔው ግሬናሽ ካቡን ተሻግሮ፣ ከሰዓት ፀሐይ የሚጋግረው ቀይ አለት ላይ እጅና እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ዘለላው ጠቁሮ፣ ጠግቦ፣ አለቱ ላይ ተንጋሏል። እኔ የላስታ ቀይ ድንጋይ ቤተክርስቲያን ብቻ የሚፈለፈልበት መስሎኝ ኖሬ… ለካ እንደዚያ እንደ ፈረንሳዩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ሙቀት ለማታ ያስቀምጣል! በአንድ በኩል ተክሌ በመብሰሉ ደስ አለኝ። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ተናደድኩ። ጋቢ የለበሰው እኔ ዘንድ፣ ፍሬ የሰጠው እዚያ ዘንድ!

ሰው ሲበተን መምሬ ይመርን ጠጋ አልኳቸው።

«መምሬ፣ ይሄ ወይን የእኔ ነው።»

«አንተስ የማን ነህ?»

«አይ፣ ማለቴ… ሥሩ እኔ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው።»

«ሥርህን ማን ነካብህ መምህር? ሥርህ እዚያው አለልህ።»

«ፍሬውን ነው የምልዎት።»

«ፍሬውማ ከርሷ ግቢ ገብቷል። ከርሷ ግቢ የገባ የርሷ ነው። ደግሞ አንተ ጠርተኸው አልመጣም፤ በእግሩ ነው የመጣው።»

ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ጆሯቸው ሥር ገብቼ አንሾካሾክሁ። ስለ ማን ብዬ እንደተሳልኩ አልነገርኳቸውም፤ በዚህ ወይን ስለት እንዳለብኝ ብቻ ነገርኳቸው። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለማርያም ልትሰጠው የተሳልከው ነው?»

«አዎን።»

«እና ምን ቸገረህ? ደርሷታል።»

«እንግዲያውስ ስለቴ ገባ ማለት ነዋ!»

«እንዴት ሆኖ? የሰውን በግ ለባለበጉ ትሳላለህ? የርሷን ለርሷ ሰጥተህ ገባልኝ ትላለህ እንዴ? ያንተን አምጣ እንጂ የኔ ጌታ።»

ይኸውላችሁ ፍርዱ። የእኔ በሆነው በኩል ፍሬ የለም፤ ፍሬ ባለበት በኩል የእኔ የለም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ደግሞ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ወርቅነሽ የጌሾ ችግኝ ለምና አምጥታ በር ላይ ደርድራዋለች። ለሚስቴ «ያ እልል ያልሽለት ወይን የእኔ ነው» እንዳልላት፣ «ታዲያ ለምን የእኔ ነው ብለህ ትሟገታለህ?» ልትለኝ ነው። ከዚያ ወደ ስለቱ፣ ከስለቱም ወደ ሻይዋ እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ።

በማግሥቱ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቅርንጫፉ በእግሩ ከሄደ በእጄ ላምጣው። ስርቆት እንዳትሉት፤ ጎረቤት ሄዶ የቆየ ልጅን ወደ ቤት መጥራት ነው። መምሬ ይመር በዚያ ሰዓት ቤታቸው አረፍ እንደሚሉ አውቃለሁ። ወርቅነሽ ወጥ ቤት ናት። ጫማዬን አውልቄ ካቡ ላይ ወጣሁ፤ በሆዴ ተኛሁና አንዱን ቅርንጫፍ ከነዘለላው ቀስ አድርጌ ወደ እኔ መሳብ ጀመርኩ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ባለቤቷን መቼም ንቄ አላውቅም፤ አጥሩ ግን ነቀነቀኝ።

መጀመሪያ አንድ ድንጋይ ሄደ። እሱን ለመያዝ ስዘረጋ ሦስቱ ሄዱ። ከዚያ ካቡ፣ እኔና ወይኑ ተያይዘን ወደ ማርያም ግቢ ወረድን። አቧራው ሲበተን፣ የወይኑ ቅርንጫፍ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ፣ አንድ ዘለላ ግራ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባዶ እግሬን ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከላይ በኩል መምሬ ይመር የካቡን መናድ ሰምተው ዱላቸውን ይዘው መጡ። በካቡ ክፍት ደግሞ ወርቅነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች።

«በስመአብ! ተርፈሃል?»

«ተርፌያለሁ።»

«ምን ሆነህ ነው እዚህ የወደቅኸው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት መምሬ መለሱላት።

«ከማርያም ወስዶ ለማርያም ሊሰጥ ነዋ።»

«ምኑን ነው የሚሰጠው?»

«ስለት አለብኝ ብሎኝ የለ?»

«የምን ስለት?» አለች ወርቅነሽ። አሁን የምትጠይቀው እኔን ነበር።

መምሬን በዓይኔ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን «እኔ ምን አውቄ፤ ባለስለቱ ይናገር» ብለው ዱላቸው ላይ ተደገፉ። መሸሻ አልነበረኝም። ቢኖርስ በባዶ እግር ወዴት ይኬዳል?

«ያንቺ ነው» አልኳት። «ወልድያ ያስገቡሽ ቀን የተሳልኩት ነው። በሩ ሲዘጋ… ፈርቼ ነበር ወርቄ። በጣም ነው የፈራሁት። ሻይ አልጠጣሁም። ሻይ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ከዚህ ወይን ዘቢብ አድርቄ አገባለሁ ብዬ ነው የለመንኳት። ጋቢውም ለዚያ ነው።»

ማማሰያዋን ወደ ታች አወረደችው። ሦስት ዓመት የደበቅሁት ነገር ወጥቶልኝ ቀለለኝ፣ ወገቤ ግን በጣም ያመኝ ነበር። መምሬ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እስቲ ቃሉን እንደተናገርከው ድገመው።»

«በእጄ ከተከልኩት ወይን፣ በእጄ ያደረቅሁትን ዘቢብ።»

«ካጥሬ ውስጥ ከበቀለ አላልክም?»

«አላልኩም።»

«ከራሴ ፍሬ አላልክም?»

«እሱንም አላልኩም።»

«እንግዲያው መትከሉን ተክለሃል። ፍሬው የርሷ ነው፤ እሱን አትነካካ። የቀረብህ ማድረቁ ነው። አድርቅ። እዚሁ፣ ከግቢዋ ሳይወጣ፣ በገዛ እጅህ። ወፍ የበላው እንደሆነ አንተን ነው የምይዝ።»

የዘንድሮን ዐቢይ ጾም መጀመሪያ እንዴት እንዳሳለፍኩት ከዚህ በኋላ መገመት ትችላላችሁ። ዘለላውን ለቅሜ ቀዩ አለት ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፌ ዘረጋሁት። ወርቅነሽ ቀን ትጠብቃለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት በኋላ ዱላ ይዤ ከወፍና ከንብ ጋር እፋለማለሁ። ያ ሁሉ ስኳር ያለበት ፍሬ ሲደርቅ የላስታ ንብ በሙሉ ወሬውን ሰምቷል። ተማሪዎቼ በካቡ ክፍት በኩል እያዩኝ «ቲቸር፣ ቅጣት ነው?» ይሉኛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአፍንጫዬ ሥር ሆኖ አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም፤ የተሳሉትን ማን ይቀምሳል? እንጆሪ እንጆሪ ይበል፣ ቁንዶ በርበሬ ይበል፣ የሚያውቁት ወፎቹ ናቸው።

ቆዳው ስስ ስለሆነ ቶሎ ደረቀ። ደረቀ ስላችሁ ግን… ጨርቁን ሞልቶት የነበረው ፍሬ በየቀኑ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ በመጨረሻ ተሰብስቦ አንዲት ኩባያ ሞላ። አናቷ ላይ አልደረሰም እንጂ ሞላ ማለት ይቻላል።

በእሑዱ ጠዋት ወርቅነሽ ኩባያዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ አብረን ሄድን። መምሬ ይመር የቁርባኑ ኅብስት ከሚዘጋጅበት ቤተልሔም በር ላይ ተቀበሉን፤ በመዳፋቸው ዘግነው አዩት፣ አሸተቱት፣ «ደህና ዘቢብ ነው» ብለው ባረኩንና ዘቢቡን ገልብጠው ይዘው ገቡ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ወርቅነሽ ባዶዋን ኩባያ እያገላበጠች ትሄዳለች።

«ይችው ናት?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ምኗ?»

«የእኔ ነፍስ። አንዲት ኩባያ ዘቢብ?»

«አይ እሱማ…»

«ያ ስልክህ ከባጃጅ ላይ የወደቀ ጊዜ ሙክት አልነበር የተሳልከው? ያውም ጮክ ብለህ፣ ሰፈሩ እየሰማ!»

እውነቷን ነው፤ ሙክት ነው ያልኩት።

«ስልኩን ግን አልመለሰችልኝም» አልኳት። «አንቺን መለሰችልኝ።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ስቃ ይሁን አልቅሳ አልታየኝም። ግቢያችን በር ስንደርስ ኩባያዋን አስይዛኝ፣ በር ላይ የደረደረችውን የጌሾ ችግኝ አንድ በአንድ እየሰበሰበች ወደ ውጭው አጥር ስር ወሰደችው።

«በል፣ ልብስህን ቀይርና ካቡን ካብ» አለችኝ ሳትዞር። «ስትክበው ግን ለወይኑ መሻገሪያ ተውለት።»